ወይና ደጋ ወደ ላይ ሲወጣ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



አባቶቻችን አገራችንን በአየሯ ጠባይ ሲከፋፍሉ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው እንደ ሰየሟት ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ከሦስቱ መካከል የመካከለኛው ስም ለምን «ወይን» የሚል ቃል እንደ ተጨመረበት ግን ቆም ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። ወይና ደጋ፣ እንደ ስሙ ከሆነ፣ ወይን የሚስማማው ደጋ ማለት ነው። የቀድሞ ሰዎች የሙቀት መለኪያ አልነበራቸውም። አንድ አገር የማያቃጥልና የማያንዘፈዝፍ መሆኑን ለመናገር በፈለጉ ጊዜ አንድ ተክል ምስክር አድርገው ጠሩ፤ የጠሩትም ምስክር ወይን ነው።

ዛሬ ማታ እኔም ይህንኑ ምስክር ጠርቼ ስለሚለወጠው የዓለም አየር ጥቂት ላነጋግራችሁ አስቤአለሁ። ንግግሬም የሚያርፍበት ስፍራ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ነው። አንዳንዶቻችሁ፣ «ይፋት በማሽላውና በማሾው ነው እንጂ መቼ በወይን ጠጅ ታወቀ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኔም የይፋት ሰው ማሽላውን ነቅሎ ወይን ይትከል ለማለት አልተነሣሁም። ነገር ግን የወይን ጠጅ ጠማቂዎች ከአየሩ መለወጥ የተነሣ የደረሰባቸውና ያደረጉት ነገር፣ ለይፋት ገበሬ፣ ይልቁንም የገበሬውን ጉዳይ በጠረጴዛው ላይ ለሚያየው የመንግሥት ሠራተኛ ትምህርት አለበት ብዬ አምናለሁ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዘመኖች «ዓመተ ምሕረት» ካላልሁ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ለመሆኑ ወይን ከሌላው ተክል ሁሉ ተለይቶ የአየር ምስክር የሆነው ስለ ምንድን ነው? የወይን ፍሬ በሁለት ነገሮች ሚዛን የሚኖር ስለ ሆነ ነው። አንደኛው ስኳሩ፣ ሁለተኛው መጣጣነቱ ነው። ፍሬው እየበሰለ በሄደ መጠን ስኳሩ ይጨምራል፤ መጣጣነቱ ይቀንሳል። ጭማቂው በሚፈላበት ጊዜ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለው 17 ግራም ያህል ስኳር በጠጁ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ አልኮል ያወጣል። እንግዲህ ሙቀቱ ሲበረታ ስኳሩ ቶሎ ይሞላል፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ደግሞ መጣጣነቱ ቶሎ ይጠፋል፤ የፍሬው መዓዛና የልጣጩ ቀለም ግን ገና አልደረሰም። ባለ እርሻው ቶሎ ልልቀም ቢል ጠጁ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ልታገሥ ቢል ከልክ ያለፈ ኃይለኛና ጣዕሙ የደነዘዘ ይሆንበታል። ስለዚህ በአየሩ ላይ የደረሰ የአንድ ዲግሪ ለውጥ ሌላው ሰው ሳያውቀው ያልፋል፤ የወይን ጠጅ ጠማቂው ግን በብርጭቆው ውስጥ ቀምሶ ያውቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። ማሽላ የሚዘራ ሰው ዘንድሮ ቢሳሳት በሚመጣው ዓመት ዘሩን ይለውጣል። የወይን ተክል ግን አንድ ጊዜ ከተተከለ ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ዛሬ ወይን የሚተክል ሰው ስለ ዛሬ አየር ብቻ ሳይሆን ልጁ አድጎ ቤት በሚሠራበት ዘመን ስለሚኖረው አየር ማሰብ ግዴታው ነው። በዚህም ምክንያት ስለ አየር መለወጥ ገና ብዙ ሰው በሚከራከርበት ጊዜ የወይን ጠጅ አገሮች ክርክሩን ትተው ወደ መላው ፍለጋ ገብተው ነበር።

አሁን ደግሞ በቢሮ ለምንሠራ ሰዎች ደስ የሚያሰኝ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በፈረንሳይ አገር፣ ቡርጎኝ በሚባለው አውራጃ፣ ቦን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ከ1354 ጀምሮ የወይን ለቀማው የተጀመረበት ቀን ተጽፎ ይገኛል። መጀመሪያ የጻፉት የአየር ሊቃውንት አይደሉም፤ እንደዚህ ያለ ሊቅ በዚያ ዘመን አልነበረምና። የጻፉት የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ያዦች ናቸው። ለለቃሚዎቹ የቀን ሙያተኛ ዋጋ ሲከፍሉ ቀኑን በመዝገብ አኖሩት። ከእነርሱም በኋላ የከተማው ሹማምንት ጸሐፊዎች የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ ቀኑን አብረው ጻፉት። ከዘመናት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያን መዛግብት አንድ በአንድ ገልጠው እስከ 2018 ድረስ ያለውን የ664 ዓመት ዝርዝር ሰብስበው በ2019 አሳተሙት።

ከዝርዝሩ የተገኘው ነገር ይህ ነው፦ እስከ 1987 ድረስ የቦን ወይን በአማካይ የሚለቀመው በመስከረም 18 ቀን፣ ማለት በእኛ የመስቀል በዓል ማግስት ነበር። ከ1988 ወዲህ ግን ለቀማው በአማካይ 13 ቀን ቀድሟል፤ ይኸውም ወደ እንቍጣጣሽ ተጠግቷል ማለት ነው። በስድስት መቶ ዓመት ውስጥ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣ የነበረው የሞቃት ዓመት ዛሬ የተለመደ ዓመት ሆነ። ያ ደመወዝ ከፋይ ጸሐፊ ብዕሩን በቀለም ሲነክር፣ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የዓለም ሙቀት ምስክር እሆናለሁ ብሎ አላሰበም። እርሱ የዕለት ሥራውን በትክክል ሠራ፤ ከዚህ በላይ አንዳች አላደረገም። ይህን ሰው እንዳትረሱብኝ እለምናችኋለሁ፤ በንግግሬ መጨረሻ ላይ ተመልሼ እጠራዋለሁ።

አሁን ወደ ዘዴዎቹ ልለፍ። የወይን ጠጅ አምራቾች የተለወጠውን አየር ለመቋቋም ያደረጉት ነገር ብዙ ነው፤ ጠቅለል ብሎ ሲታይ ግን በአራት ይከፈላል።

አንደኛው ጊዜን መለወጥ ነው። በሙቅ አገር ለቀማው በሌሊት በመብራት እንዲሆን አድርገዋል፤ ፍሬው ቀዝቀዝ እንዳለ ወደ መጥመቂያው ይገባል። ቅርንጫፉ የሚቆረጥበትንም ወራት ወደ ኋላ ይገፉታል፤ እንደዚህ ሲደረግ ተክሉ ዘግይቶ ያብባል፣ ፍሬውም ዘግይቶ ይበስላል።

ሁለተኛው ጥላና ውሃ ነው። ድሮ ፀሐይ እንዲያገኝ ተብሎ ከፍሬው ላይ ይገፈፍ የነበረው ቅጠል ዛሬ ሆነ ተብሎ ይተውለታል፤ መረብም ይዘረጋለታል። ውሃውም በቦይ መለቀቁ ቀርቶ በቀጭን ቧንቧ በጠብታ ከሥሩ ላይ ይንጠባጠባል።

ሦስተኛው ዘርን መለወጥ ነው። ቦርዶ የሚባለው የፈረንሳይ አውራጃ በወይን ጠጁ በዓለም የታወቀ ነው፤ የሚተከልበትም የወይን ዐይነት በሕግ የተወሰነ ነው። ዋናው ዐይነት ሜርሎ የሚባለው ነው፤ እርሱም ቀድሞ የሚበስል ስለ ሆነ ሙቀት ይጎዳዋል። በ2021 የፈረንሳይ መንግሥት የምርት ስም ጠባቂ መሥሪያ ቤት ስድስት አዳዲስ ዐይነቶች እንዲተከሉ ፈቀደ፤ እነርሱም አሪናርኖዋ፣ ካስቴ፣ ማርስላን፣ ቱሪጋ ናሲዮናል፣ አልቫሪኞና ሊሊዮሪላ ናቸው። ነገር ግን ፈቃዱ ልክ ተበጅቶለታል። ማናቸውም ባለ እርሻ ከመሬቱ ከመቶ 5 እጅ በላይ፣ በጠጁም ውስጥ ከመቶ 10 እጅ በላይ እነዚህን ዐይነቶች ሊያስገባ አይችልም። አዲሱን ይሞክሩታል፤ አሮጌውን ግን በአንድ ቀን አይጥሉትም። ይህንንም ልክ አስታውሱልኝ፤ ይፋት ስንደርስ ይጠቅመናል።

አራተኛው ወደ ላይ መውጣት ነው። በእስፓንያ አገር በካታሎኒያ የሚኖሩት የቶሬስ ቤተ ሰብ ወይናቸውን በቆላ ብቻ መትከሉን ትተው፣ በፒሬኔ ተራሮች ሥር ትሬምፕ በሚባል ስፍራ፣ 950 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው መሬት ላይ ተከሉ። ደግሞም በድሮ ዘመን የነበሩና የተረሱ የአገሩን የወይን ዐይነቶች ለማግኘት በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥተው፣ «የማታውቁት ወይን በማሳችሁ ጠርዝ ቢኖር ንገሩን» ብለው የአገሩን ገበሬ ጠየቁ። ከተገኙትም አንዳንዶቹ ሙቀትን የሚችሉ ሆኑ። ቴታንዤ የተባለው የሻምፓኝ ቤት ደግሞ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ በ2015 በእንግሊዝ አገር በኬንት መሬት ገዛ። ወይን በእንግሊዝ አገር ይተከላል ብሎ የተናገረ ሰው በአያቶቻችን ዘመን ቢኖር መሳቂያ በሆነ ነበር።

እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ግን ፍጹም መድኃኒት እንዳይመስሏችሁ። ሞቃት ጥቢ ወይኑን አታሎ ቀድሞ እንዲያቈጠቍጥ ካደረገው በኋላ፣ በ2017ና በ2021 በሚያዝያ ወር የወረደው ውርጭ የፈረንሳይን ለጋ ቡቃያ አቃጠለው። በ2020 በካሊፎርኒያ የተነሣው የዱር እሳት ጪሱን በወይኑ ላይ ስላሳረፈ፣ ፍሬው ምንም ሳይነካ ጠጁ የጪስ ጣዕም ያዘ። የአየር መለወጥ ማለት መሞቅ ብቻ አይደለም፤ የተለመደው ሥርዐት መናጋትም ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ ለወይን እንግዳ አይደለችም። ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴ የሚሆነውን ከዘቢብ ጨምቃ ስታዘጋጅ ኖራለች። በአዲስ አበባ የሚገኘውም የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ የወይን እርሻውም በላይኛው አዋሽ ሸለቆ በመርቲ ነው። ከዚያ ወዲህ ካስቴል የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለ መሬት ላይ፣ ከፈረንሳይ አገር የመጡ የሜርሎ፣ የሲራና የካበርኔ ሶቪኞን ችግኞችን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያውን ጠጅ ለገበያ አቀረበ።

በዝዋይ የሆነው ነገር ለጉዳያችን ሁለት ትምህርት አለው። አንደኛው ይህ ነው። በፈረንሳይ አገር ወይኑን የሚያስተኛው የክረምት በረዶ ነው፤ የሚቀሰቅሰውም የጥቢ ፀሐይ ነው። በእኛ አገር ግን በረዶ ስለሌለ ወይኑ እንቅልፍ አያውቅም። ስለዚህ ውሃውን ቀንሶ የሚያስተኛው፣ ቅርንጫፉንም ቆርጦ የሚቀሰቅሰው ሰው ነው። ፍሬው በክረምት ዝናብ እንዳይበሰብስ ሰማዩ በሚጠራበት ወራት እንዲደርስ ታስቦ የመቍረጫው ቀን ይመረጣል። ይህም የሚያሳየው፣ በእኛ አገር የእርሻ ሥራ ግማሹ ቀንን መምረጥ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ትምህርት የውሃ ነገር ነው። የዝዋይ ሐይቅ ውሃ ለአበባ እርሻውም፣ ለአትክልቱም፣ ለከተማውም የሚቀዳ ነው፤ ሁሉም በየበኩሉ ሲቀዳ ሐይቁ እንዳይጎድል የሚያስብ የጋራ ዐይን ያስፈልጋል።

አሁን እንግዲህ ወደ ይፋት እንውረድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ነው፤ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ዋሻውን አልፎ ደብረ ሲናን ረግጦ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ጥላ ይፈልጋል። በሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን አየ። በየመቶ ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ስድስት ዐሥረኛ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በጣርማ በርና በሮቢት መካከል ያለው ልዩነት ዐሥር ዲግሪ ያህል ነው። የቶሬስ ቤተ ሰብ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው የተራራ መሰላል፣ ለይፋት ሰው እግዚአብሔር በደጁ ያቆመለት ነው።

ነገር ግን የመሰላሉ እርከኖች ባሉበት አልቆሙም። ከ1960 እስከ 2006 ባለው ዘመን የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ እንደ ጨመረ ተመዝግቧል። ይህን በከፍታ ብንተረጕመው ከ200 ሜትር በላይ ይሆናል። በተለመደው አከፋፈል ወይና ደጋ የሚጀምረው ከ1,500 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ በሙቀት ብቻ ከተለካ፣ ያ ወሰን ዛሬ ወደ 1,700 ሜትር ወጥቷል ማለት ነው። ይህ ቀላል ስሌት ነው፤ ዝናቡን፣ ነፋሱንና የገደሉን ፊት አያስቈጥርም። ሆኖም ነገሩን ለማስተዋል ይበቃል፦ ገበሬው ከቤቱ ሳይነሣ፣ ማሳውም ከስፍራው ሳይነቃነቅ፣ ወይና ደጋው ጥሎት ወደ ላይ ወጣ፤ ቆላውም ወደ ደጁ መጣ።

ከሙቀቱም ይልቅ ይፋትን የሚያስጨንቀው የዝናቡ ነገር ነው። የይፋት ቆላ ሁለት ዝናብ ያለው አገር ነው፤ አንዱ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚጠበቀው በልግ፣ ሁለተኛው የሐምሌና የነሐሴ ክረምት ነው። የቀድሞው የይፋት ማሽላ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ዘር ነው። በሚያዝያ በበልጉ ርጥበት ይዘራል፤ ክረምቱን ጠጥቶ ያድጋል፤ የሚታጨደውም በበጋው ነው። ስለዚህ ለማሽላው በልግ ማለት የቤት መሠረት ማለት ነው። በልጉ ሲዘገይ ወይም ጀምሮ ሲያቋርጥ ገበሬው ይዘራል፣ ቡቃያው ይደርቃል፤ ደግሞ ይዘራል፣ ደግሞ ይደርቃል። ሦስተኛ ለመዝራት ከጎተራው የሚያወጣው እህል ልጆቹ የሚበሉት ነው። በ2007 ዓመተ ምሕረት በልጉ በብዙ ስፍራ ቀርቶ ክረምቱም በተዛባ ጊዜ፣ በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ እንዳስፈለገው እናስታውሳለን።

ታዲያ የይፋት ገበሬ ምን አደረገ? ማንም ስለ ቦርዶ ሳይነግረው፣ የቦርዶ ሰዎች ያደረጉትን አደረገ፤ ዘሩን ለወጠ። በልጉ ባልመጣበት ዓመት ማሳውን እስከ ክረምት ጠብቆ ማሾ ይዘራበታል። ማሾ በሐምሌ ተዘርቶ ከሁለት ወር እስከ ሁለት ወር ተኩል ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ጥቂት ዝናብ ይበቃዋል፤ የጥራጥሬ ወገን ስለ ሆነም መሬቱን ያዳብራል። በምርምርም በኩል ራሳ በሚል ስም የሚጠራ የማሾ ዘር በ2011 ተለቋል። ከ2014 ወዲህም ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገብቶ ወደ ውጭ አገር የሚላክ እህል ሆነ። በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ዳርቻ ያለው ገበሬ ደግሞ ውሃውን በቦይ ጠልፎ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ጥበብ ነው። ገበሬው አየሩ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም።

ይሁን እንጂ አድማጮቼ ሆይ፣ ትርፉን ስንናገር ኪሳራውንም መደበቅ አይገባንም። ማሽላ ለይፋት ሰው እህል ብቻ አይደለም። ፍሬው እንጀራ ነው፤ እሸቱ የልጆች ደስታ ነው፤ አገዳው ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ፣ ለቤቱም ግድግዳ ነው። ማሾ ግን ከቤተ ሰቡ ማዕድ ይልቅ ለገበያ የሚሄድ ነው። ዋጋው በሩቅ አገር ይወሰናል፤ ዋጋው በወደቀ ዓመት ባለ ማሾው እጁ ላይ የሚቀረው ለከብቱም ለምድጃውም የማይበቃ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ማሽላው ለተከታታይ ዓመታት ካልተዘራ ዘሩ ከጎተራው ይጠፋል። አንድ ጊዜ የጠፋ የአገር ዘር ደግሞ በገንዘብ አይገዛም። የቦርዶን ልክ አስታውሱልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። እነዚያ ሰዎች አዲሱን ዘር ሲቀበሉ አሮጌው ስማቸውን ያወጣላቸውን ዘር እንዳያጠፋባቸው ወሰን አበጁ። ለይፋትም መልካሙ ምክር፣ ማሾውም ይዘራ፣ ቶሎ የሚደርሰውም የማሽላ ዘር ይሞከር፣ ነገር ግን ከማሳው አንድ ወገን ለአባት ዘር ይቅር የሚል ነው።

በዚህ ነገር አገራችን የሌላ አገር ተማሪ ብቻ አይደለችም። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ማከማቻ የኢትዮጵያን የሰብል ዘሮች ሲሰበስብና ሲጠብቅ ኖሯል። መሪው የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መጠበቅ አለበት ብለው ስለ ደከሙ፣ በ1989 በውጭ አገር የታወቀ ሽልማት ተሸልመዋል። የቶሬስ ቤተ ሰብ በጋዜጣ የፈለጉትን፣ እኛ በገበሬው ጎተራ አለን፤ ብቻ አናባክነው።

አሁን ወደ እኛ፣ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ልምጣ። «ይህ የገበሬና የእርሻ ባለሙያ ጉዳይ ነው፤ እኔ ፋይል ከምመራ ሰው ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ብዙ ያገናኘዋል።

በመጀመሪያ የመዝገብ ነገር አለ። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በልጉ የገባበት ቀን፣ ያቋረጠበት ቀን፣ ማሽላው የተዘራበትና የታጨደበት ቀን በየዓመቱ በአንድ መዝገብ ቢጻፍ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጆቻችን ግምትን ትተው በማስረጃ ይናገራሉ። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና የማይታክት እጅ ይበቃል። ሠራተኛው ሲዛወር ደብተሩ ለተተኪው በርክክብ ይተላለፍ፤ በመደርደሪያ ላይ ለአቧራ አይተው።

ሁለተኛው ወሬን በጊዜው ማድረስ ነው። የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በየወቅቱ ስለሚመጣው ዝናብ ትንበያ ያወጣል። ይህ ወረቀት ከሚያዝያ በፊት ወደ ቀበሌው ካልደረሰ፣ ቢደርስም ገበሬው በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረ፣ ካለመጻፉ አይሻልም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ በግንቦት የሚደርስ የሚያዝያ ደብዳቤ ግን ቃጠሎውን ተመልክቶ የሚመለስ ነው።

ሦስተኛው የዘር ጉዳይ ነው። በልግ የቀረበት ገበሬ ቶሎ የሚደርስ ዘር የሚያስፈልገው በሰኔ ነው። የግዢው ፈቃድ በነሐሴ ቢፈረም፣ ፈራሚው ሥራውን የሠራ ይመስለዋል፤ ማሳው ግን ጾሙን አድሯል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ዘር የሚገዛው ዝናቡ ደህና በሆነበት ዓመት ነው።

አራተኛው ውሃ ነው። የይፋት ወንዞች ወደ አዋሽ የሚወርዱ ናቸው። ላይኛው ሰው ሁሉንም ቢጠልፍ ታችኛው ሰው ይጠማል፤ ከታችኛውም ወዲያ ከብቱን ይዞ ውሃ የሚጠብቅ አርብቶ አደር አለ። የዝዋይን ሐይቅ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ውሃ በሚያንስበት ዘመን የውሃ ዳኝነት ከቦይ ቁፋሮ መቅደም አለበት፤ አለዚያ ቦዩ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

አንድ ክርክር ደግሞ ሳልመልስ ማለፍ አልወድም። «አየሩን ያበላሸው በሌላ አገር የሚጤሰው ፋብሪካ ነው፤ እኛ ስለ ምን እንደክማለን?» የሚሉ አሉ። ነገሩ እውነት ነው። በመንግሥታት የተቋቋመው የአየር ጉዳይ ሊቃውንት ጉባኤ በ2021 እንዳስታወቀው፣ የዓለም ሙቀት ከፋብሪካ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ 1.1 ዲግሪ ያህል የጨመረው በሰው ሥራ ነው፤ ከዚህም ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ባለ ዕዳው ዕዳውን እንዲከፍል መንግሥታችን በዓለም ሸንጎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ሆኖም ፍርዱ እስኪወጣ ድረስ ክረምቱ አይጠብቀንም። ቤቱን ሌላ ሰው ያቃጠለበት ሰው ክሱን ይመሠርታል፤ በዚያው ቀን ግን ልጆቹን የሚያስጠልልበት ጎጆ ይቀልሳል።

አድማጮቼ ሆይ፤ አሁን ያንን የቦን ከተማ ጸሐፊ ልመልሰው። ስሙን የሚያውቅ የለም። ሹመትና ሽልማትም አልተረፈለትም። ነገር ግን የደመወዝ መዝገቡን ሲጽፍ ቀኑን ስላልዘለለ፣ ዛሬ በአየር ጉዳይ የሚከራከሩ ሊቃውንት የእርሱን ብዕር ምስክር አድርገው ይቆጥራሉ። በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ላቡን እየጠረገ ደብተር የሚያሰምር አንድ ወጣት ሠራተኛ ከዚያ ሰው በምን ያንሳል? በልግ የገባበትን ቀን ቢጽፍ፣ ዘሩን በሰኔ ቢያደርስ፣ ትንበያውን በሚያዝያ ቢያስነግር፣ የአንድ ቤተ ሰብ የዘር እህል ሦስተኛ ጊዜ በደረቅ አፈር ላይ ከመበተን ይድናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አባቶቻችን ወይንን ምስክር አድርገው አገሩን ሰየሙ። ወይና ደጋ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን የሚያዩ ልጆቻቸው ደግሞ ቢያንስ ቀኑን መጻፍና በጊዜው መነሣት ይገባናል።